ፔስሜከር የተገጠመለት በያጅ ወደ ሥራው ይመለስ?

ጠያቂ፦ አበሽር ወገን! ኮምቦልቻ ብረታ ብረት ቤት ለሚሠራ በያጅ ፔስሜከር (የልብን ምት የሚያግዝ ትንሽ መሣሪያ) በግራ ደረቱ ተገጥሞለታል። ብየዳ ይፈቀድለታል? እስከ ስንት አምፒር?

ነርስ፣ ደሴ፦ መጀመሪያ የመሣሪያውን ካርድ ይዞ ሐኪሙን ያማክር። ገደቡ እንደ አምራቹ ይለያያል፤ አንዱ 130፣ ሌላው 160 አምፒር ይላል። ብልጭታው ከደረቱ ቢያንስ 60 ሳንቲ ሜትር ይራቅ። ልቡ ያለ መሣሪያው የማይመታ ከሆነ ግን እኔ ሌላ ሥራ እመርጥለታለሁ።

ቴክኒሻን፦ ምክንያቱን ልጨምር። ፔስሜከር መጀመሪያ ያዳምጣል፤ ልብ ራሱ ከመታ ዝም ይላል። የብየዳው መግነጢሳዊ መስክ ከመሣሪያው ወደ ልብ በሚሄደው ሽቦ ሲገባ የልብ ምት ይመስለውና መምታቱን ይተዋል፤ ሰውየው ይዞርበታል። ባለ አንድ ዋልታ (የኤሌክትሪክ ጫፍ) ሽቦ ከባለ ሁለቱ ይበልጥ ይህን ረብሻ ይለቅማል። ብዙ ቤት የሚታየው ስህተት የግራውንዱን (የመመለሻ ገመዱን) መቆንጠጫ ከጠረጴዛው ሌላ ጫፍ ማሰር ነው፤ ከሚበየደው ነጥብ አጠገብ ይታሰር። ሁለቱ የብየዳ ገመዶች ተጠጋግተው መሬት ላይ ይሂዱ፣ ትከሻ ላይ አይንጠልጠሉ። ጠብ ጠብ እያደረጉ ብልጭታውን ቶሎ ቶሎ ማስነሳት ክፉ ነው፤ በየመሃሉ ከ5 እስከ 10 ሰከንድ ይጠብቅ። ጓንቱ ደረቅ ይሁን፤ በሐምሌ ዝናብ እርጥብ ወለል ላይ አይሞከርም።

ነርስ፣ ደሴ፦ ራሱን ካዞረው ወዲያው አቁሞ ይራቅ፤ ፔስሜከሩ አብዛኛውን ጊዜ ወደ ሥራው ይመለሳል። ብቻውን ግን አይበይድ። ስልኩንም ደረት ኪስ አይክተት፣ 15 ሳንቲ ሜትር ይራቅ።