ጅማ ሰፈራችን የባህል ቀን ልናዘጋጅ ነው፣ ልጆቹ በማግስቱ እንዳይበተኑ ምን እናርግ?

የመንደራው፦
ሰላም ለሁላችሁ፣ ጅማ ያላችሁም ጥላችሁ የሄዳችሁም እስቲ እርዱኝ። የሰፈር ወጣቶች ሆነን የባህል ቀን ልናዘጋጅ እያሰብን ነው፣ ሰፈራችንን ደሞ ታውቁታላችሁ ኦሮሞው፣ የሙ፣ ዳውሮው፣ ከፋው፣ ጉራጌው፣ አማራው አንድ አጥር ነው የሚጋራው፣ ልጆቹማ ኦሮምኛና አማርኛ ቀላቅለው ነው የሚሰዳደቡት ሃሃ። አምና አንድ መሥሪያ ቤት ባዘጋጀው ላይ ተሳትፈን ነበር፣ ብሩ በሙሉ ባነርና ቲሸርት ላይ አለቀ፣ ልጆቹ ሁለት ሳምንት ሙሉ ተለማምደው መድረክ ላይ አራት ደቂቃ ተሰጣቸው፣ የቀረው ንግግር ነው። በማግስቱ ማንም የለም።

አንድ ነገር ደሞ እስካሁን ከአእምሮዬ አልወጣም። በየብሔሩ ልብስ አልብሰው ሲያሰልፏቸው የአክስቴ ልጅ፣ 11 ዓመቷ ነው፣ እናቷ ዳውሮ አባቷ ኦሮሞ፣ መሀል ቆማ "እኔ የት ጋ ልሰለፍ?" አለችኝ። እኔ መልስ ሳላገኝ አስተባባሪው አየት አደረጋትና "የከፋ ልብስ አንድ ተርፏል፣ እሱን ልበሺ" ብሏት ሄደ። ለበሰች፣ ጨፈረች፣ ፎቶም ተነሳች። እንዴት ነው ከዚህ የተሻለ ነገር ማረግ የሚቻለው? ቀኑን መቼ ብናረገውስ? ምግብስ?

ሐሙስ ገበያ፦
በመጀመሪያ ክረምቱን እርሱት፣ የክረምት በጎ ፈቃድ እያሉ ሐምሌ ላይ ይጠሩናል፣ የጅማ ዝናብ ደሞ ሰው አያከብርም፣ ድንኳኑ ውስጥ ቁጭ ብለህ ጭቃ ስታይ ነው የምትውለው። ጥቅምትና ኅዳር የቡና ለቀማ ስለሆነ ግማሹ ልጅ ገጠር ዘመድ ጋ ይሄዳል። ረመዳን በየዓመቱ 11 ቀን ገደማ ቀደም እያለ ስለሚመጣ አምና ያያችሁትን ቀን አትመኑ፣ አቢይ ጾምንም እዩ። ዓርብ ጁምአ አለ፣ እሁድ ጠዋት ቤተክርስቲያን፣ ሐሙስ የሂርማታ ገበያ ነው እናቶች አይገኙም። ትርፉ ቅዳሜ ነው፣ እሱንም ከምሳ በፊት አርጉት፣ ከምሳ በኋላ ወንዶቹ ወዴት እንደሚሄዱ እኔ አልናገርም።

ምግብ ላይ ሥጋ እንዳታስገቡ። ከልምድ ነው የምነግርህ፣ አንድ ጊዜ የእስላሙንም የክርስቲያኑንም ለየብቻ አርደን ሁለት ድስት ጥደን፣ ሁሉ ነገር አሪፍ ሆኖ፣ መጨረሻ ላይ አንዷ ልጅ ጭልፋውን ከዚህኛው አውጥታ እዛኛው ውስጥ ከተተችው። በቃ። ማንም አልተጣላም፣ ማንም አልተናገረም፣ ግን ግማሹ ሰው "ጠግቤያለሁ" እያለ ሳይበላ ወጣ። ቆጮ በጎመን፣ ሽሮ፣ የጾም ቀን ካልሆነ ማርቃ (ገንፎ) በቅቤ፣ ከዛ ቡና። ቡና ላይ የሚጣላ የለም።

ሦስት እግር፦
ወንድሜ በብሔር ማሰለፉን ተወው፣ በሥራ ከፋፍላቸው። አጎቴ ጅሬን መንገድ ላይ በርጩማ ይጠርባል፣ የኛ የጅማውን ባለሦስት እግሩን። ሰው ገዝቶ ይቀመጥበታል እንጂ አያየውም፣ መቀመጫውም ሦስቱም እግር ከአንድ ግንድ ነው የሚወጣው፣ ምስማር የለ ኮላ የለ። አንድ ቅዳሜ ሰባት የሰፈር ልጆች ሰብስቤ ወሰድኩለት፣ ቁራጭ ቁራጭ ዋንዛ ሰጣቸው (ዋንዛም እንደ ድሮ አይገኝም፣ ትራፊ ነው)። መቀመጫውን ሁሉም ይወጣዋል፣ እግሩ ላይ ሲደርሱ ነው ጉዱ፣ እጃቸው ይቸኩላል፣ መሮውን ጠንከር አርገው ሲመቱት ጣ! ሦስተኛው እግር የለም። አጎቴ ይስቅና ሌላ ቁራጭ ያቀብላቸዋል። መሸ፣ አንድም ልጅ አልጨረሰም። በሚቀጥለው ቅዳሜ ማንም ሳይጠራቸው መጡ፣ ለምን ብትል በርጩማቸው እዛ ነዋ! ያንተ ዝግጅት ችግሩ ያን ቀን ማለቁ ነው፣ ልጁ ቤቱ ሲሄድ ያልጨረሰው ነገር ይኑረው። ሞንታርቦውን ተከራዩ ግድ የለም፣ ግን እሱ ላይ ብር አትጨርሱ።

ግቢ ያለሁ፦
ሦስት እግር ያለው ጥሩ ነው ግን ልብሱንና ብሔሩን ጨርሳችሁ አትጣሉት። እኔ የም ነኝ፣ ጥቅምት 17 እኛ ጋ ሳሞ ኤታ ነው፣ ሰው ቦር ተራራ ወጥቶ ለዓመት የሚሆነውን የባህል መድኃኒት የሚለቅምበት ቀን። ጅማ ከተማ የተወለደ የም ልጅ ይሄን ስጠይቀው ስሙንም ሰምቶት አያውቅም። "ሁላችንም አንድ ነን" ብላችሁ አንድ ላይ ስትፈጩት የሚጠፋው ትንሹ ነው፣ ትልቁማ የትም አይሄድም። ለምን ልጆቹ አያቶቻቸውን ጠይቀው እንዲመጡ አታረጉም፣ አንድ ቅጠል፣ አንድ ተረት፣ አንድ የምግብ አሠራር። የአክስትህ ልጅም ከሁለቱም አያቶቿ ይዛ ትመጣለች፣ የት ልሰለፍ አትልም። ሰው ካነሰባችሁ ደሞ ዩኒቨርሲቲያችን ትምህርቱ ማኅበረሰብ ተኮር ነው፣ ተማሪ ሰፈር ለሰፈር መዞር ለምዷል፣ ፈተና ሰሞን ካልሆነ እኔ ራሴ አምስት ስድስት ልጅ አመጣለሁ።

አባ ጅፋር 2010፦
ይሄን ሁሉ ትጽፋላችሁ ኳስ የሚል አንድም የለም?? ክለባችን ጅማ አባ ጅፋር ፕሪሚየር ሊግ በገባበት ዓመት ዋንጫውን የበላን ከተማ ነን እኮ (ከዛ በኋላ የሆነውን አታስታውሱኝ)። ጠዋት ኳስ አርጉ፣ ቡድኑ በሰፈር ይሁን፣ ሰው ራሱ ይመጣል።

ሐሙስ ገበያ፦
ኳስ ስትል ሴቶቹስ ዳር ቆመው ሊያጨበጭቡ ነው? ለነሱም ቡድን አርጉላቸዋ። እና ቢረዝምም 10 ሰዓት ላይ ይለቅ፣ ማታ ማታ ካረጋችሁት እናት ልጇን አትልክም፣ እኔም አልልክም።

የመንደራው፦
ኧረ እግዜር ይስጥልኝ፣ ጀዛኩሙላህ ኸይር። ድንኳንና ወንበር ከእድሩ እንለምናለን፣ ሊቀመንበሩ "ወንበር ቢሰበር ማን ይከፍላል" ማለቱ አይቀርም ግን ይሰጣል። ጭልፋው ላይ አንድ ሰው ዘብ አቆማለሁ ሃሃ፣ አይ ሥጋውን ራሱ ትቼዋለሁ። @ግቢ ያለሁ የአያቶቹ ነገር ገብቶኛል፣ እኔ ራሴ አያቴን ጠይቄያት አላውቅም እኮ። @ሦስት እግር ለአክስቴ ልጅ ማታ ስለ በርጩማው ነገርኳት፣ እሰራለሁ ብላ ይዛኛለች፣ አጎትህ ሴት ልጅ ያስተምራሉ?

ሦስት እግር፦
ቅዳሜ ይዘሃት ና። መሮ ትይዛለች፣ መጥረቢያውን ግን መጀመሪያ ቀን ለማንም አይሰጥም። ወፍራም ጫማ ታድርግ።