ሆርኔቷን ገጣጠምኳት፣ ወደ ፊት ስላት ወደ ኋላ ትሄዳለች

የገርጂው፦ ሰላም ለሁላችሁ። አጎቴ ድሮ ከጃፓን ያመጣት ሆርኔት የምትባል የታሚያ ኩባንያ መጫወቻ መኪና አለችኝ፣ እ.ኤ.አ. በ1984 የወጣችው፣ ባለ ሪሞቷ። ዕቃ ቤት ካርቶን ውስጥ ነው የኖረችው። አንድ በአንድ ፈትቼ አጠብኳት፣ ግራሶ ቀየርኩ፣ ገጠምኩ። አሁን ወደ ፊት ስላት ወደ ኋላ ትሄዳለች። የኋላ ጎማዎቹ በእጅ ሲዞሩ ድርቅ ብለዋል፣ ከመፍታቴ በፊት እንዲህ አልነበሩም። ከፍጥነት መቆጣጠሪያው ጋር የተያያዘችው ሬዚስተር ደግሞ ጣት ታቃጥላለች። በዚያ ላይ አንድ ቪቴ ተርፎኛል 😅

ካቻቢቴ፦ ወንድሜ፣ የመጀመሪያው ቀላል ነው። የሞተሩን ሁለት ሽቦዎች አቀያይራቸው፣ አለቀ። ደግሞ የምትፈታው በምንድን ነው? የጃፓን ቪቴ መስቀሉ ከተለመደው ትንሽ ይለያል፣ ያገኘኸውን ካቻቢቴ ከከተትክበት ይንሸራተትና ራሱን ይበላዋል። የጃፓን ሞተርሳይክል የሚሠሩ ልጆች ጋ ጠይቅ።

ማሜ ከሜሪላንድ፦ ሬዚስተሯ መጋሏ ጤነኛ ነው። ያ የድሮ መቆጣጠሪያ በዝግታ ስትነዳ የተረፈውን ኃይል ወደ ሙቀት ነው የሚለውጠው፣ ሙሉ ፍጥነት ስትሰጣት ግን ኤሌክትሪኩ በሬዚስተሯ በኩል አያልፍም። ስለዚህ ረጅም ሰዓት ቀስ እያልክ አትንዳ፣ ሽቦም ቦዲም እንዳይነካት። የድሮው ባትሪ ጫፉ ላይ ነጭ ነገር ካወጣ ቻርጅ እንዳታደርገው! ባለ 7.2 ቮልት ኒኬል ሜታል ሃይድራይድ ግዛ። ሊፖ (ሊቲየም ፖሊመር ባትሪ) አታስገባበት፣ ያ መቆጣጠሪያ ባትሪው ሲደክም መቼ ማቆም እንዳለበት አያውቅም፣ ገንዘብህን ትጥላለህ።

ማርሽ ሦስት፦ ድርቅ ያለው ካምቢዮው ነው ብዬ እጠረጥራለሁ። ሞተሩን አውጣና ጎማዎቹን እንደገና አዙር። ያኔም ከደረቁ የካምቢዮውን ቪቴዎች አንድ በአንድ ግማሽ ዙር አላላ። ከለቀቀህ ወይ አጥብቀኸዋል፣ ወይ ውስጥ ያለው ቀለበት ቦታው ላይ አልተቀመጠም። ፕላስቲክ ውስጥ ቪቴ ስትመልስ መጀመሪያ ወደ ግራ አዙረው፣ «ጠቅ» ብሎ የድሮው ጥርስ ውስጥ ሲወድቅ ይሰማሃል፣ ከዚያ ወደ ቀኝ። እንዲሁ ከጀመርክ አዲስ ጥርስ ይቆርጣል፣ ሁለት ሦስቴ ከደገምከው ቀዳዳው ሰፍቶ ቀረ። እኔ አንዱን ሻሲ እንዲህ ገድዬዋለሁ።

የገርጂው፦ ሽቦውን አዟዟርኩት፣ ወደ ፊት ሄደች! ሞተሩን የያዘውን ቪቴ ፈትቼ አወጣሁት፣ ጎማው ግን ያው ደረቅ። ካምቢዮውን ስከፍት አንዱ ቀለበት ጠማማ ተቀምጦ አገኘሁት። አስተካክዬ ዘጋሁት፣ አሁን አንዱን ጎማ ሳዞር ሌላው በተቃራኒው ይዞራል። ተበላሸ እንዴ?

ማርሽ ሦስት፦ አይ፣ ዲፈረንሻሉ (ሁለቱ ጎማዎች በተለያየ ፍጥነት እንዲዞሩ የሚያደርገው) እየሠራ ነው ማለት ነው። ሲመችህ ቀለበቶቹን በኩሽኔታ ቀይራቸው፣ የውስጥና የውጭ ስፋታቸውን ለክተህ ሂድ።

ካቻቢቴ፦ ቆይ ቆይ። «ቪቴውን» አልክ? ሞተሩ በስንት ቪቴ ነበር የተያዘው?

የገርጂው፦ በአንድ።

ካቻቢቴ፦ የተረፈችህ ጫፏ ሹል ነው ጠፍጣፋ?

የገርጂው፦ ጠፍጣፋ። 3 ሚሊ ትሆናለች።

ካቻቢቴ፦ እሷው ናት በቃ። ፕላስቲክ የሚነክሱት ሹል ናቸው፣ ጠፍጣፋዋ ብረት ውስጥ ነው የምትገባው። ሞተሩ በሁለት ነው የሚያዘው። በአንድ ከነዳሃት ሞተሩ ያዘነብልና ትንሿ ማርሽ ትልቋን ትበላታለች።

ማሜ ከሜሪላንድ፦ ብትበላትም ማርሽ ይገኛል፣ ታሚያ እ.ኤ.አ. በ2004 እንደገና አውጥቷታል። ቪቴዋን ግን ዛሬ ግጠማት 😂