ከካርታ ጨዋታ ሌላ ለማያውቁ እንግዶች የትኛው ቦርድ ጌም (የሰሌዳ ጨዋታ) ይቅደም?

ጥያቄ፦ ሰሌዳ ወዳድ

ሰላም ለሁላችሁ፣ እህታችሁን ምከሩኝ። ቅዳሜ ማታ ታላቅ ወንድሜና ባለቤቱ እኛ ቤት ይመጣሉ፤ ከእኔና ከባለቤቴ ጋር አራት እንሆናለን። ሁለቱም ከካርታ ጨዋታ ሌላ አያውቁም። ወንድሜ መሸነፍ አይወድም፤ ሚስቱ ደግሞ ማብራሪያ ሲረዝም ስልኳን ታነሳለች። እቤት ያሉኝ ቴራፎርሚንግ ማርስ፣ ካታን፣ ቲኬት ቱ ራይድ፣ ፓንዴሚክና ኮድኔምስ ናቸው። እኔ ከሁሉም የምወደው ማርስን ስለሆነ እሱን ላሳያቸው ጓጉቻለሁ። ከየትኛው ልጀምር? ሕጉንስ ሳላሰለቻቸው እንዴት ላስረዳ?

መልስ፦ ባቡር ነጂ

ማርስን ለጊዜው ከመደርደሪያው አታውርጂው። ግሩም ጨዋታ ነው፤ ግን ከ200 በላይ የተለያዩ ካርዶች አሉት። አዲስ ሰው የትኛው እንደሚጠቅመው ሳያውቅ ገና ከመነሻው ምረጥ፣ ግዛ ይባላል። አንቺ የምትወጂው የካርዶቹን መጣጣም ስለምታውቂ ነው፤ ለእነሱ ግን የጽሑፍ ክምር ነው የሚሆንባቸው።

የእኔ ምርጫ ቲኬት ቱ ራይድ ነው። ተራሽ ሲደርስ ከሦስት ነገር አንዱን ታደርጊያለሽ፦ ካርድ ታነሻለሽ፣ መስመር ትይዣለሽ፣ ወይም ተጨማሪ ቲኬት ትወስጃለሽ። በቃ። ስታስረጂም መመሪያውን አታንብቢላቸው። ሰሌዳው ላይ ሁለት ከተሞች በጣትሽ አሳዪና «ይሄ ቲኬት እነዚህን አገናኙ ይላል» በያቸው። ከዚያ አራት ሳጥን ያለው ቀይ መስመር ምረጪ፣ አራት ቀይ ካርድ ጣዪ፣ አራት ባቡር ደርድሪበት፣ «7 ነጥብ አገኘሁ» በያቸው። ይህን በዓይኑ ያየ ሰው ግማሹን ጨዋታ ተማረ ማለት ነው።

አንድ ነገር ግን ከመጀመራችሁ በፊት ንገሪያቸው፦ ያልተጠናቀቀ ቲኬት ነጥብ ይቀንሳል። ይህን መጨረሻ ላይ የሰማ ሰው የተታለለ ይመስለዋል፤ ሁለተኛ አብሮሽ አይቀመጥም።

መልስ፦ ስንዴ በጡብ

እኔ በዚህ አልስማማም። ካርታ የለመደ ሰው የሚወደው የጠረጴዛውን ጫጫታ ነው፤ ቲኬት ቱ ራይድ ላይ ሁሉም የየራሱን ካርድ ይዞ ዝም ይላል። ካታን ላይ «ስንዴ ያለው? ጡብ ልስጥህ» እየተባባሉ ይደራደራሉ፣ ዳይስ ሲጣልም ተራው ያልሆነው ሰው ጭምር ምርት ያገኛል፤ ስለዚህ ማንም ስልኩን አያይም። ክላውስ ቶይበር ያወጣው በ1995 ነው፤ እስከ ዛሬ ስንቱን ሰው ወደዚህ ዓለም ያስገባው ለዚህ ይመስለኛል።

አደገኛው ቦታ መነሻው ነው። የመጀመሪያዎቹን ሁለት መንደሮች መጥፎ ቦታ ያስቀመጠ ሰው ጨዋታውን ሙሉ ባዶ እጁን ይቀመጣል። መመሪያው ውስጥ ለጀማሪ የተዘጋጀ አቀማመጥ አለ፣ እሱን ተጠቀሚ። መሬቶቹ ላይ ካሉት ቁጥሮች 6 እና 8 ለምን በቀይ እንደተጻፉም ንገሪያቸው፦ በሁለት ዳይስ ከ36 አጋጣሚ እያንዳንዳቸው 5 ጊዜ ይወጣሉ፣ 2 እና 12 ግን አንድ አንድ ጊዜ ብቻ።

መልስ፦ ቀይ ጠጠር

ወንድሟ መሸነፍ አይወድም እያለችን ሌባ ያለበት ጨዋታ? 7 በወጣ ቁጥር አንዱ ሌባውን ሌላው መሬት ላይ አስቀምጦ ካርድ ይሰርቀዋል። ለዚህ ሰው የመጀመሪያ ማታ አይሆንም።

እኔ ብሆን በኮድኔምስ እከፍት ነበር። 25 ቃላት ይዘረጋሉ፣ ሁለት ቡድን ይሆናል፣ የየቡድኑ መሪ አጋሩ ቃላታቸውን እንዲገምት አንድ ቃልና አንድ ቁጥር ብቻ ይናገራል። ባልና ሚስትን አንድ ቡድን አታድርጊ፤ አንቺ ከወንድምሽ ሚስት ጋር፣ ወንድምሽ ከባለቤትሽ ጋር ሁኑ። ሽንፈቱ ለሁለት ሲከፈል ይቀላል። የካርዶቹ ቋንቋ የሚከብደው ካለ 25 ቃላት ሁሉም በሚያውቁት ቋንቋ በቁራጭ ወረቀት ጻፊ፤ ጨዋታው ምንም አይጎድልበትም።

ወደፊት ስትገዢ ደግሞ ሣጥኑ ላይ የጀርመንን የዓመቱ ጨዋታ ሽልማት ምልክት ፈልጊ፣ ቀይ ጠጠር ነው። ከ1979 ጀምሮ የሚሰጥ ነው፤ ካታን፣ ቲኬት ቱ ራይድና ኮድኔምስ ሦስቱም ወስደውታል። ከ2011 ወዲህ የመጣው ጠቆር ያለ ጠጠር ግን ልምድ ላላቸው ተጫዋቾች ነው፤ እንዳይምታታብሽ።

ሰሌዳ ወዳድ

እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ፓንዴሚክ ላይ እኮ ሁላችንም አንድ ላይ ነን፤ ወይ አብረን እናሸንፋለን ወይ አብረን እንሸነፋለን። ለወንድሜ እሱ አይሻልም? ደግሞስ ብሸነፍለት ምን ይመስላችኋል?

መልስ፦ ተራህ ነው

ፓንዴሚክ ላይ ብዙው ነገር ተገልጦ ስለሚታይ የሚያውቀው ሰው ለሌላው ማሰብ ይጀምራል። «እዚያ ሂድ፣ ያንን ካርድ ስጣት» እያልሽ ሦስት ሰው ታንቀሳቅሻለሽ፤ እነሱ ተመልካች ይሆናሉ። እስኪጠይቁሽ ዝም ማለት ከቻልሽ ይሁን፤ ካልቻልሽ ይቅር።

የትኛውንም ጨዋታ ምረጪ፣ ዋናው ይሄ ነው፦ የሰው ተራ የሰው ነው። ልትረጂው ብለሽ ጠጠሩን አታንሺለት። ደካማ ነገር ሲያደርግ «እርግጠኛ ነህ?» አትበዪው። ሕግ ከጣሰ አርሚው፤ ደካማ ምርጫ ግን ሕግ መጣስ አይደለም፣ ጨዋታ የሚለመደውም በሱ ነው።

ስታስረጂ መጀመሪያ ማን እንደሚያሸንፍ፣ ከዚያ ጨዋታው መቼ እንደሚያልቅ፣ ከዚያ በተራ ምን እንደሚደረግ ተናገሪ። የቀረውን ሲደርስ ትነግሪያቸዋለሽ። የመጀመሪያውን ዙር ካርዳችሁን ፊት ለፊት ገልጣችሁ ተጫወቱና ከዚያ እንደገና ጀምሩ።

መሸነፍን በተመለከተ፦ አውቀሽ አትሸነፊ፣ ትልቅ ሰው ሲተዉለት ያውቃል። በሙሉ ልብሽ ተጫወቺ፤ ግን የወንድምሽን መስመር ለመዝጋት ብቻ ባቡር አታስቀምጪ።

ሰሌዳ ወዳድ

ገባኝ። በኮድኔምስ ከፍቼ ወደ ቲኬት ቱ ራይድ እሄዳለሁ፣ ማርስ ይቆየኛል። አንዱ ካለቀ በኋላ ሌላ አዲስ ላምጣላቸው?

መልስ፦ ባቡር ነጂ

አታምጪ። «ድገሚን» ካሉ ያንኑ ድገሚላቸው፤ የሚጣፍጠው ሕጉን ከለመዱ በኋላ ነው። ከመምጣታቸው በፊት ደግሞ ባቡሮቹን በየቀለማቸው ለዪና ቁጠሪያቸው፣ ለአንድ ሰው 45 ነው። ሰሌዳውም ተዘርግቶ ይጠብቃቸው፤ ሣጥን ሲፈታ ተቀምጦ የሚጠብቅ እንግዳ ገና ሳይጀምር ይሰለቻል።