ኢትዮጵያዊው አቤሜሌክን ለልጆች እንዴት እናስተምር?

ሰንበቴ ዘጅማ፦

ሰላም ለሁላችሁ ይሁን። እዚህ ጅማ ባለ አንድ ደብር ከ12 እስከ 15 ዓመት ላሉ 30 ያህል የሰንበት ትምህርት ቤት ልጆች የ50 ደቂቃ ትምህርት አለ። ርእሱ «ድምፁን ሳያሰማ የታዘዘ ሰው» ነው። ዳዊትንና ዮሴፍን በቃላቸው ስለሚያውቁ በትንቢተ ኤርምያስ ያለውን፣ ነቢዩ ኤርምያስን ከጭቃ ጉድጓድ ያወጣውን የንጉሥ አገልጋይ፣ ኢትዮጵያዊ አቤሜሌክን መርጫለሁ።

ያስቸገሩኝ ነገሮች፦ ታሪኩ 38፥7-13 እና 39፥15-18 ሲደመር 11 ቁጥር ብቻ ነው። ሲጸልይ እንኳ አልተጻፈም፤ ታዲያ እምነቱን የቱ ላይ ላሳያቸው? ተረፈ ባሮክ በሚባለው መጽሐፍ ያለውን የአቤሜሌክን የ66 ዓመት እንቅልፍስ ላስገባው ወይስ ልተወው? በእጃቸው የሚሞክሩት ነገር ካላችሁም ብትነግሩኝ ደስ ይለኛል።

የንባብ ቤት ልጅ፦

ሰላም ለእርስዎም ይሁን። ቁጥሩ ማነሱ አያስጨንቅዎ፤ ትምህርቱን የሚያደርቀው ከ38፥7 መጀመር ነው። ከ37፥11 ይነሡ። ባቢሎናውያን ኢየሩሳሌምን የከበቡበት ከበባ በይሁዳ ንጉሥ በሴዴቅያስ 9ኛ ዓመት፣ በ10ኛው ወር፣ በ10ኛው ቀን ጀመረ፤ ቅጥሩ የተሰበረው በ11ኛው ዓመት፣ በ4ኛው ወር፣ በ9ኛው ቀን ነው። 18 ወር ገደማ ማለት ነው። ኤርምያስ በግዞት ቤቱ አደባባይ ሳለ ከጋጋሪዎች መንገድ በቀን አንድ እንጀራ ይሰጠው ነበር፤ አቤሜሌክ ለንጉሡ ሲናገር ግን «በከተማይቱ እንጀራ የለም» ይላል። ልጆቹ ረሃቡን ካልያዙት በቀር የጉድጓዱ ነገር አይገባቸውም፤ ሰውየው ባይሰምጥም በረሃብ ይሞት ነበር።

ነቢዩን የከሰሱት አራት መኳንንት ናቸው፤ ሰፋጥያስ፣ ጎዶልያስ፣ ዮካልና ጳስኮር። ስማቸውን ዝም ብለው አይለፉት። በኢየሩሳሌም ጥንታዊ ክፍል በተደረገ ቁፋሮ የሁለቱ፣ የዮካልና የጎዶልያስ፣ ስም ከነአባታቸው የታተመበት ትንንሽ የጭቃ ማኅተም እ.ኤ.አ. በ2005 እና በ2008 ተገኝቷል። በዚህ ዕድሜ ያለ ልጅ እንዲህ ያለውን አይረሳም።

ወደ እምነቱ ስመጣ፣ 38፥5ን ከ38፥9 ጎን ያስቀምጡት። ንጉሡ ለመኳንንቱ «በእጃችሁ ነው» ብሎ ነቢዩን ሰጣቸው፤ ሊከለክላቸው አልቻለም። ኤርምያስን ሲጠይቀውም በስውር ነበር (37፥17፤ 38፥16)። አቤሜሌክ ግን ንጉሡ በብንያም በር ተቀምጦ ሳለ፣ ሰው በተሰበሰበበት፣ «እነዚህ ሰዎች ክፉ አድርገዋል» አለ። ዙፋን ያለው ሲፈራ አገልጋዩ ተናገረ። በ39፥17 እግዚአብሔር «በምትፈራቸው ሰዎች እጅ አትሰጥም» ሲለው፣ ለካ አቤሜሌክ ይፈራ ነበር! ቀጥሎም «በእኔ ታምነሃልና» ይለዋል። ስለ እምነቱ የመሰከረለት እግዚአብሔር ነው እንጂ ራሱ አይደለም። ይህ ተስፋ የመጣው ሥራው ካለቀ በኋላ መሆኑን አጥብቀው ያሳዩአቸው፤ ጉድጓዱ አፍ ላይ ሲቆም ምንም ቃል አልተገባለትም።

ስለዚህ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ ርእስዎን ይቀይሩት። ድምፁን አሰምቷል። ሁለት ጊዜ ብቻ ተናገረ፤ አንዱን ለንጉሡ፣ አንዱን ለኤርምያስ። «ቃሉ ጥቂት የሆነ ሰው» ቢሉት ይሻላል። ዝም ማለትን ከመታዘዝ ጋር አንድ ካደረጉባቸው ልጆቹ በደል ሲያዩ ዝም ማለትን ይማራሉ።

ገመድና ጨርቅ፦

ለሙከራው እኔ ልጨምር። የዚህ ታሪክ ልብ 38፥11-12 ላይ ያለው ቡትቶ ነው። ቁጥር 6ን ደግመው ያንብቡት፤ መኳንንቱም ኤርምያስን ያወረዱት በገመድ ነው። አቤሜሌክም ያወጣው በገመድ ነው። ልዩነቱ ከቤተ መዛግብት በታች ካለው ክፍል የወሰደው አሮጌ ጨርቅና እላቂ ልብስ ነው። ሰውየውን ለማዳን ገመድ ይበቃ ነበር፤ ጨርቁን ያመጣው የኤርምያስ ብብት እንዳይላጥ አስቦ ነው። ንጉሡ «አውጣው» አለ እንጂ ስለ ጨርቅ አላዘዘም።

የሚያስፈልገው፦ 10 ሊትር ውኃ የያዘ ጀሪካን (10 ኪሎ ነው)፣ ሁለት ሜትር ቀጭን የቃጫ ገመድ፣ አንድ ያረጀ የጥጥ ነጠላ። ገመዱን በጀሪካኑ እጀታ አስገብተው ሁለቱን ጫፍ ይቋጩት። ልጁ በአራት ጣቶቹ ገመዱን አንጠልጥሎ እስከ 15 ይቁጠር፤ ጣቱ ላይ የቀረውን ቀይ መስመር ለሌሎቹ ያሳይ። ቀጥሎ ነጠላውን ስምንት እጥፍ አድርገው በገመዱና በጣቱ መካከል ያስገቡና እንደገና ይቁጠር። ክብደቱ ያው 10 ኪሎ ነው፤ ጨርቁ ጭነቱን ሰፋ ባለ ቦታ ስላካፈለው ነው ያልቆረጠው።

የሚበላሽባቸው ቦታዎች አሉ። ጨርቁ አንድ ድርብ ብቻ ከሆነ ለውጡ አይታይም። ናይለን ነክ ልብስ ከሆነ ይንሸራተትና ገመዱ ተመልሶ ሥጋ ላይ ያርፋል። ከሁሉ በላይ ግን ልጅን በብብቱ አስረው እንዳያነሡ! ብብት ሥር ነርቭና ደም ሥር ስለሚያልፍ ለአፍታ እንኳ ጉዳት ያመጣል፤ ለድራማ ብለው እንዲህ የሚሞክሩ ስላሉ ነው የምለው።

ለጭቃው ደግሞ ባልዲ ውስጥ 20 ሳንቲ ሜትር ያህል ቀይ አፈር በውኃ ያቡኩና አንድ ቦት ጫማ ይትከሉበት። ቀጥ ብለው ቢስቡት አይወጣም፤ ከሥሩ አየር ስለማይገባ ጭቃው ይይዘዋል። ቀስ እያሉ ግራ ቀኝ ቢያወዛውዙት አየር ገብቶ ይለቃል። በክረምት በቦዬ ረግረግ ዳር ያለፈ ልጅ ይህን በእግሩ ያውቀዋል። የሰመጠን ሰው በችኮላ መሳብ ትከሻውን ያወልቃል፤ ብዙ እጅና ቀስ ያለ ስበት ያስፈለገው ለዚህ ነው።

አንድ ነገር ግን ያስጠንቅቁ። የጅማ ልጅ ሐምሌ ሲባል ዝናብ ነው የሚታየው። በኢየሩሳሌም በጋው ከግንቦት እስከ መስከረም ያለ ዝናብ ያልፋል፤ ቅጥሩ የተሰበረበት 4ኛው ወርም በሐምሌ አካባቢ ነው። ጉድጓዱ ምንጭ ሳይሆን ከዓለት ተፈልፍሎ በኖራ የተለሰነ፣ የክረምት ዝናብ የሚጠራቀምበት ነው። ውኃው ተቀድቶ ሲያልቅ ደለሉ ይቀራል። «ውኃ አልነበረበትም፣ ጭቃ ነበረ እንጂ» የሚለው እንዲህ ሲታይ ይገባል።

መምህርት ከሂርማታ፦

ስለ ተረፈ ባሮክ፦ ያስገቡት፤ በቤተ ክርስቲያናችን ከቅዱሳት መጻሕፍት ጋር የሚቆጠር ነው። ግን ከኤርምያስ 38 ጋር አያደባልቁት፤ ክፍሉ ሲያልቅ ለብቻው ይንገሯቸው። በዚያ ታሪክ አቤሜሌክ የከተማይቱን ጥፋት እንዳያይ ኤርምያስ ስለ እርሱ ለመነ፤ ከዚያም ለሕሙማን በለስ እንዲያመጣ ወደ አግሪጳ እርሻ ላከው። ከዛፍ ጥላ ሥር አረፍ ሲል 66 ዓመት ተኛ። ሲነቃ በለሱ ገና ወተቱን ያንጠባጥባል።

አብዛኛው ሰው የሚያወራው ስለ እንቅልፉ ነው። ለእርስዎ ርእስ የሚሆነው ግን የነቃበት ቅጽበት ነው፦ ራሱ ከብዶታል፣ ጥቂት ልተኛ ይላል፣ ነገር ግን ኤርምያስ በማለዳ የላከኝ ቢቸኩል ነው ብሎ ቅርጫቱን አንሥቶ ይሄዳል። 66 ዓመት እንዳለፈ አላወቀም፤ የሚያውቀው መላኩን ብቻ ነው። ከዚያ በለስ 15ቱ በንስር አንገት ታስረው ከኤርምያስ ጸሐፊ ከባሮክ ደብዳቤ ጋር ባቢሎን መድረሳቸውን ልጆቹ ይወዱታል።

ሌላው፣ ከልጆቹ ግማሾቹ ይህን ሰው በሐዋርያት ሥራ 8 ካለው የህንደኬ ጃንደረባ ጋር አንድ ያደርጉታል። በሁለቱ መካከል 600 ዓመት ያህል አለ። ከጌራራው ንጉሥ ከአቢሜሌክም ጋር አይገናኝም፤ የእኛው በዕብራይስጥ ዔቤድ ሜሌክ ሲሆን «የንጉሥ አገልጋይ» ማለት ነው። «ኢትዮጵያዊው» የሚለውም በዕብራይስጡ «ኩሻዊው» ነው። ደጋግሞ የተጻፈው በዚያ ቤተ መንግሥት እንግዳ መሆኑ እንዳይረሳ ነው ብዬ አምናለሁ፤ የገዛ ወገኑ መኳንንት የጣሉትን ነቢይ የባዕድ አገር ሰው አወጣው። «የእኛ ሰው» ብለን በኩራት ብቻ ካለፍነው ይህ ይጠፋል።

ሰንበቴ ዘጅማ፦

እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ርእሱን ቀይሬዋለሁ። ሁለት ነገር ቀረኝ፦ ሠላሳ ሰው ለአንድ ሰው ለምን? «ነፍስህ እንደ ምርኮ ትሆንልሃለች» የሚለውንስ በቀላሉ ምን ልበላቸው? ገሚሶቹ ቤታቸው አፋን ኦሮሞ ስለሚናገሩ ከባድ አማርኛ ያመልጣቸዋል።

የንባብ ቤት ልጅ፦

ለመሳቡ ጥቂት ሰው ይበቃል፤ «ሦስት» ብለው የተረጎሙም አሉ። በመጽሐፋችን ያለው ግን ሠላሳ ነው፤ መኳንንቱ ቢመጡ የሚመክት ኃይልም ያስፈልግ ነበርና።

ስለ ምርኮው፦ ወታደር ከጦርነት ሲመለስ የዘረፈውን ይዞ ይመጣል፤ አንተ ግን ከዚህ ጥፋት ሕይወትህን ብቻ ይዘህ ትወጣለህ ማለት ነው። «ሁሉ ሲጠፋ ነፍስህ ትተርፋለች» ብለው ይንገሯቸው፤ ከዚያ በአፋን ኦሮሞ የሚቀናው ልጅ ለጓደኞቹ ይድገመው። ይኸው ቃል በ21፥9 እና በ38፥2 ለሕዝቡ፣ በ45፥5 ለባሮክ ተነግሯል። 38፥2 ኤርምያስን ጉድጓድ ያስገባው ስብከት ነው፤ መኳንንቱ የናቁትን ቃል አቤሜሌክ ተቀበለው።

ደቂቃውን እንዲህ ቢከፍሉት፦ ንባብ 10፣ ከበባውና መኳንንቱ 10፣ ገመዱና ጭቃው 15፣ 39፥15-18 10፣ በለሱ 5። ሰዓት ካጠረ በለሱን ይተዉት፣ ገመዱን ግን አይተዉ። አንድ ልጅ «ከዚያ ኤርምያስ ነፃ ወጣ?» ብሎ መጠየቁ አይቀርም፤ 38፥13ን ያስነብቡት፤ በግዞት ቤቱ አደባባይ ተቀመጠ ነው የሚለው።