ከፎርም የሚላክን መረጃ በፒኤችፒ በሌላ ስም ወደ ቫሪያብል ስለ መቀየር

ጥያቄ፦ አዲስ_ተረካቢ

ጤና ይስጥልኝ። አንድ የቆየ የሠራተኞች መመዝገቢያ ሥራ ተረክቤ ወደ ፒኤችፒ 8 (የድረ ገጽ ፕሮግራም መጻፊያ ቋንቋው ስሪት 8) እያሻገርኩት ነው። ኮዱ የተጻፈው በሬጂስተር ግሎባልስ (ከፎርም የተላከውን ሁሉ በራሱ ቫሪያብል ያደርግ የነበረ የፒኤችፒ ቅንብር) ዘመን በመሆኑ ከፎርሙ የተላከው ሁሉ በየስሙ ቫሪያብል ሆኖ እንደሚጠብቀው ያምናል፤ አሁን ግን ሁሉም ባዶ ነው። ከዳታቤዝ የሚመጣውም $ስም ስለሚባል እንዳይጋጩብኝ፣ ፖስት የሚባለውን አሬይ (ፎርሙ የላካቸውን ዋጋዎች በየስማቸው የያዘ ዝርዝር) በፎርኢች (እያንዳንዱን በተራ በሚያነብ ትእዛዝ) እየዞርኩ በእያንዳንዱ ስም ፊት «ፎርም_» በመጨመር በድርብ ዶላር ምልክት ($$፤ ስሙ በሌላ ቫሪያብል ውስጥ የተያዘን ቫሪያብል የሚፈጥር) ቫሪያብሎቹን ፈጠርኩ። አብዛኛው ሠርቷል፤ «ስልክ.ቤት» የተባለው ሳጥን ግን በዚህ ስም አሬዩ ውስጥ የለም። ምክንያቱ ምን ይሆን?

መልስ፦ የሌሊት_ኮደር

ሳጥኑ አልጠፋም፤ ስሙ ነው የተቀየረው። ነጥብ በቫሪያብል ስም ውስጥ ስለማይፈቀድ ፒኤችፒ ራሱ ወደ አንደርስኮር ይለውጠዋል (ክፍት ቦታንም እንዲሁ)፤ ስለዚህ $ፎርም_ስልክ_ቤት ብለው ይፈልጉት። ኤክስትራክት የሚባለው ፈንክሽንም ሁሉንም በቅድመ ቅጥያ በአንድ መስመር ይሠራልዎታል። አንደርስኮሩን ራሱ ስለሚጨምር «ፎርም» ብቻ ይስጡት፤ አለዚያ ድርብ ይሆናል።

መልስ፦ ጥንቁቅ

በኤክስትራክት አልስማማም። ሬጂስተር ግሎባልስ እ.ኤ.አ. በ2002 በስሪት 4.2 በነባሪነት የተዘጋው፣ በ2012 ደግሞ በስሪት 5.4 ጨርሶ የተወገደው፣ የቫሪያብሎቹን ስም የሚወስነው ፎርሙን የሚልከው ሰው ስለነበረ ነው። ኤክስትራክት ያለ ቅድመ ቅጥያ ከተጠራ በነባሪነት ነባሩን ቫሪያብል ይደመስሳል፤ አንድ ሰው «አስተዳዳሪ» የሚል ሳጥን ጨምሮ ቢልክ $አስተዳዳሪን እሱ ሞላው ማለት ነው። ቅድመ ቅጥያው ግጭቱን ቢቀንስም ያልጠበቁት ስም መግባቱን አይከለክልም፤ የእርስዎ ፎርኢችም በዚህ አይለይም።

የምመክረው የሚፈልጓቸውን ስሞች ብቻ የያዘ ካርታ ነው፦

$ካርታ = ['ሙሉ_ስም' => 'ፎርም_ስም', 'ስልክ_ቤት' => 'የቤት_ስልክ'];

በግራ የፎርሙ፣ በቀኝ የእርስዎ ስም ነው። (ፒኤችፒ የግዕዝ ፊደልን በቫሪያብል ስም ይቀበላል፤ ብዙ ሰው አያውቀውም።) ፎርኢቹ በፖስቱ ላይ ሳይሆን በካርታው ላይ ይዙር። ምልክት ያልተደረገበት ቼክቦክስ ጭራሽ ስለማይላክ፣ በድርብ የጥያቄ ምልክት (??) ባዶ ጽሑፍን ምትክ አድርገው ይስጡ። ከትሪም (ከጽሑፍ ዳርና ዳር ክፍት ቦታን ከሚያስወግደው ፈንክሽን) በፊትም ዋጋው ጽሑፍ መሆኑን ያረጋግጡ፤ በጽሑፍ ፈንታ አሬይ ከተላከ ፒኤችፒ 8 የስህተት መልእክት ሰጥቶ ሥራውን ያቆመዋል። እኔ ብሆን ውጤቱን በአንድ አሬይ ውስጥ እተወው ነበር፤ የቆየው ኮድ ነጠላ ቫሪያብሎችን ካልጠየቀ በቀር ድርብ ዶላር አያስፈልግም።

አዲስ_ተረካቢ

ሁለታችሁንም አመሰግናለሁ። በካርታው ሠርቻለሁ፤ «ስልክ_ቤት» ተገኝቷል። ካርታውን ስጽፍ የቆየው ኮድ ጨርሶ የማይጠቀምባቸው ሦስት ሳጥኖች በፎርሙ ላይ አግኝቼ አስወግጃቸዋለሁ።