የጋራ ፕሮፖዛል ረቂቅ፦ የሞተር ብልሽትን ከሲግናል መለየት፣ ክፍል 2 (የልኬት ሥርዓት)

አስተባባሪ፦
ሰላም ለሁላችሁ። ክፍል 2 ላይ አሁን ያለው «ከእያንዳንዱ ሞተር የ2 ሰከንድ ከረንት ይቀዳል» የሚል ነው። የተስማማንበትን ወደ ረቂቁ አስገባለሁ።

የሲግናል ቡድን፦
2 ሰከንድ ፈጽሞ አይበቃም። የተሰበረ ሮተር ባር (በሞተሩ ተሽከርካሪ ክፍል፣ በሮተሩ ውስጥ ከረንት የሚያልፍበት በትር) ምልክቱ ከዋናው ፍሪኩዌንሲ ግራና ቀኝ፣ በስሊፕ ፍሪኩዌንሲው ሁለት እጥፍ ርቀት ላይ ይታያል። ስሊፕ ማለት ሮተሩ ከሚዞረው ማግኔቲክ ፊልድ ወደ ኋላ የሚቀርበት ድርሻ ነው፤ በዋናው ፍሪኩዌንሲ ሲባዛ የስሊፕ ፍሪኩዌንሲውን ይሰጣል። በ50 ሄርዝ የሚሠራ ባለ 4 ፖል ሞተር (ፊልዱ በደቂቃ 1500 ይዞራል) በደቂቃ 1470 ሲዞር ስሊፑ 0.02 ነው፤ ምልክቶቹ 48 እና 52 ሄርዝ ላይ ይወጣሉ። ሎዱ ቀንሶ ዙሩ 1494 ሲደርስ ግን 49.6 እና 50.4 ላይ ይጠጋሉ። በ2 ሰከንድ ቅጂ የሃኒንግ መስኮት (ከትንተናው በፊት የቅጂውን መጀመሪያና መጨረሻ ቀስ በቀስ ወደ ዜሮ የሚያወርድ ማባዣ) የ50ውን ጫፍ ግራና ቀኝ 1 ሄርዝ ድረስ ስለሚያሰፋው ሁለቱንም ይውጣቸዋል። 60 ሰከንድ ይቀዳ። ሎዱ ከግማሽ በታች ከሆነ ውጤቱ «አልታወቀም» ይባል እንጂ «ጤነኛ» አይባል። ይህቺን ቃል እባካችሁ አትሰርዙብን።

የጥገና ክፍል፦
በ60 ሰከንዱ እንስማማለን፤ ሎዱ ግን በዚያን ጊዜ ውስጥ መርጋት አለበት፣ አለዚያ ጫፉ ይደበዝዛል። ሌላው፣ ፒስተን ኮምፕረሰር ወይም ቀስ ብሎ የሚዞር ጊርቦክስ ሎዱን ሲያወዛውዝ ተመሳሳይ ምልክት ይፈጥራል፤ ደህናው ሮተር በከንቱ ይፈታል። መለያው ቀላል ነው፦ ሎዱን ቀይሮ ድጋሚ መለካት። የባሩ ምልክት ከስሊፑ ጋር ይሸሻል፣ የጊርቦክሱ ግን ካለበት ብዙም አይነቃነቅም። ስለዚህ የጊርቦክሱ የመውጫ ዘንግ ፍጥነት ፎርሙ ላይ ይሞላ።

ለኩሽኔታ በከረንት ብቻ አንመካ፤ ምልክቱ በጣም ደካማ ነው። የንዝረት ሴንሰር በኩሽኔታው ቤት ላይ ይግባ፣ ትንተናው በኤንቨሎፕ (የከፍተኛ ፍሪኩዌንሲው ንዝረት መጠን ከፍ ዝቅ የሚልበትን በመከተል) ይሁን። ባለ 9 ኳስ 6205 ቁጥር ኩሽኔታ በ1470 ዙር የውጪ ቀለበቱ ጉዳት 87.8፣ የውስጡ 132.7 ሄርዝ አካባቢ ይወጣል፤ ኳሶቹ ትንሽ ስለሚንሸራተቱ ልክ እዚያው ላይ አትጠብቁት። ሴንሰሩን የሚይዘው ማግኔት ወፍራም ቀለም ላይ ከተለጠፈ ከፍተኛው ፍሪኩዌንሲ ይሞታል። ቀለሙ ተፍቆ፣ ቦታው ተስተካክሎ፣ ስስ ግሪስ ተቀብቶ ይለጠፍ።

የዳታ ቡድን፦
ከእኛ አንድ ጥያቄ ብቻ፦ የመለማመጃና የመፈተኛው ዳታ በሞተር ይከፈል። የአንዱን ሞተር ቅጂ ቆራርጠን ሁለቱም ጋር ካስገባን ሞዴሉ ብልሽቱን ሳይሆን ሞተሩን ነው የሚያውቀው፤ ውጤቱም ያማረ መስሎ ይታያል። «ተሰብሯል» የሚባለውም ተፈትቶ በዓይን ሲረጋገጥ ብቻ ይሁን።

አስተባባሪ፦
ሁሉንም አስገብቻለሁ። በኢንቨርተር (ፍሪኩዌንሲውን እየቀየረ የሞተሩን ፍጥነት በሚቆጣጠር መሣሪያ) የሚነዱ ሞተሮችን ከዚህ ዙር አስወጥቻለሁ፤ ፍሪኩዌንሲው አንድ ቦታ አይቆምም፣ ተቆጣጣሪውም ምልክቱን ከከረንቱ ላይ ሊያደበዝዘው ይችላል። ፎርሙን የጥገና ክፍል ያርቅቅልን፦ የስም ሰሌዳው መረጃ፣ የተለካ ዙር፣ የሎድ መቶኛ፣ የኩሽኔታ ቁጥር በሞተሩ በሁለቱም ጫፍ።