የአሰሳ ታሪክ ስለ አንድ ሰው ምን ያህል እውነት ይነግረናል?

የበኩር ልጅ (ጠያቂ)

ሰላም ለሁላችሁም። በቤታችን አንድ ኮምፒውተር አለ፤ እኔ፣ እኅቴና ጡረታ የወጡት መምህር አባታችን በጋራ እንጠቀምበታለን። ባለፈው ሳምንት ሳላስበው የዘጋሁትን ገጽ መልሼ ለማግኘት የአሰሳ ታሪኩን (በኮምፒውተሩ የተከፈቱትን ገጾች ዝርዝር) ስከፍት፣ አባቴ ለአሥር ቀናት ያህል ማታ ማታ ስለ ኩላሊት እጥበት ዋጋ፣ ሕንድ አገር ስለሚደረግ ንቅለ ተከላ፣ ስለ ለጋሽ ዕድሜና ስለ ደም ዓይነት ሲያነቡ እንደ ቆዩ አየሁ። በእነዚያ ቀናት አንድም የኳስ ገጽ አልከፈቱም፤ እሳቸው ደግሞ የእንግሊዝን ጨዋታ ውጤት ሳያዩ የሚተኙ ሰው አይደሉም። ይህ ዝርዝር በእርግጥ ስለ አባቴ ጤና እየነገረኝ ነው ወይ? ከእኔ ሌላስ ይህን ማን ማየት ይችላል? ካየሁ በኋላ እንዳላየ መሆን አቅቶኛል።

ዳታ ተንታኝ

ወንድሜ፣ ጭንቀትዎ ይገባኛል። ለጥያቄዎ እጅግ የሚቀርብ አንድ የታወቀ ጉዳይ አለ። እ.ኤ.አ. በነሐሴ 2006 አሜሪካን ኦንላይን የተባለው ኩባንያ ለምርምር ይጠቅማል በማለት ወደ 650,000 የሚጠጉ ደንበኞቹ በሦስት ወር ውስጥ ያደረጓቸውን 20 ሚሊዮን ገደማ ፍለጋዎች ለሕዝብ ለቀቀ። ስሞቹን አንሥቶ በቁጥር ተክቷቸው ስለነበር የማንም ገመና አይወጣም ብሎ አምኖ ነበር። ሆኖም የኒው ዮርክ ታይምስ ጋዜጠኞች በቁጥር 4417749 የተመዘገቡትን ደንበኛ፣ ከፈለጓቸው የአካባቢና የቤተሰብ ስሞች ብቻ ተነሥተው፣ በጆርጂያ ግዛት የሚኖሩ የ62 ዓመት ባል የሞተባቸው ሴት መሆናቸውን ደርሰውበት አነጋገሯቸው።

ለእርስዎ የሚጠቅመው የታሪኩ ሁለተኛ ክፍል ነው። የሴትዮዋ ዝርዝር በጣት መደንዘዝ፣ በእጅ መንቀጥቀጥ፣ በአፍ መድረቅና በመሳሰሉት የተሞላ ስለነበር፣ ያየው ሰው ሁሉ ብዙ ሕመም የተደራረበባቸው አድርጎ ሊገምታቸው ይችል ነበር፤ እሳቸው ግን ስለ በሽታዎች የሚፈልጉት ብዙ ጊዜ የታመሙ ወዳጆቻቸውን ለማረጋጋት ሲሉ እንደሆነ ተናገሩ። ማንነታቸው በትክክል ተገኘ፤ ሕይወታቸው ግን በስሕተት ሊነበብ ተቃርቦ ነበር። የአሰሳ ታሪክ ምን እንደተጠየቀና በስንት ሰዓት እንደተጠየቀ ይመዘግባል፤ ለማን ተብሎ እንደተጠየቀ የሚጽፍበት ቦታ ግን የለውም።

የቀድሞ ኢንተርኔት ቤት ሠራተኛ

ከላይ የተባለው ትክክል ቢሆንም፣ በሙሉ ልቤ አልስማማም። ብዙ ዓመት በኢንተርኔት ቤት ሠርቻለሁ፤ ሰው ሂሳቡን ከፍሎ ሲወጣ ኮምፒውተሩን ለሚቀጥለው ደንበኛ የማጸዳው እኔ ነበርኩ። በጥቅምት ዲቪ መሙያ፣ በሚያዝያ መጨረሻ የዲቪ ውጤት፣ የፈተና ውጤት በሚወጣበት ሰሞን ደግሞ ቤቱ በሙሉ አንድ ገጽ ላይ ያፈጥ ነበር። አንድ ነጠላ ፍለጋ ምንም ላይናገር ይችላል፤ የአንድ ሰው ልማድ በድንገት ሲለወጥ ግን በልቡ የገባ ነገር አለ ማለት ነው። ስለዚህ በእኔ ግምት ከኩላሊቱ ይልቅ መመልከት ያለብዎት የኳሱን መቅረት ነው። አባትዎ ታመዋል ማለት አልችልም፤ ተጨንቀዋል ግን እላለሁ።

ደግሞም፣ ይህን ስጽፍ በሥራዬ ያየሁት ሁሉ ይከብደኛል። ሰዎቹ አምነውኝ የተዉትን ዝርዝር ለማንም አልተናገርኩም፤ እርስዎም ለእኅትዎ ከመንገርዎ በፊት ለአባትዎ ለራሳቸው ቢነግሯቸው ይሻላል።

ኔትወርክ ባለሙያ

ሌላ ማን ያያል ለሚለው ጥያቄዎ፦ በኮምፒውተሩ ላይ ያለውን ዝርዝር ቁልፉን የሚያውቅ ሁሉ ያየዋል፤ አሳሹ (ድረ ገጾችን የሚከፍተው ፕሮግራም) በጉግል አካውንት ከተከፈተና ማመሳሰል፣ ማለትም ታሪኩን ወደ ሌሎች መሣሪያዎች የሚያሻግረው ቅንብር፣ ከበራ በተመሳሳይ አካውንት በተከፈተ ስልክም ላይ ሊታይ ይችላል። ድረ ገጹ የተመሰጠረ ግንኙነት የሚጠቀም ከሆነ የኢንተርኔት አቅራቢው አብዛኛውን ጊዜ የድረ ገጹን ስም እንጂ በውስጡ የተነበበውን ጽሑፍ አያይም፤ የአንድ ሆስፒታል ስም ብቻውን ግን ብዙ ሊናገር ይችላል። ብዙዎች መሸሸጊያ አድርገው የሚያምኑበት ስውር መስኮትም ታሪኩ በዚያው ኮምፒውተር ላይ እንዳይቀመጥ ከማድረግ አልፎ ከድረ ገጾቹ አይሰውርም። ጉግል በዚሁ ምክንያት እ.ኤ.አ. በ2020 ተከስሶ፣ በ2024 ይፋ በሆነ ስምምነት ብዛት ያላቸውን መዝገቦች ለማጥፋት ተስማምቷል። በአገራችንም የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 26 የግል ሕይወትን ያስከብራል፤ የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016ም ወጥቷል። ለቤታችሁ ግን ለእያንዳንዳችሁ የየራሳችሁን መግቢያ መክፈት ይቀላል።

የበኩር ልጅ (ጠያቂ)

ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። እሑድ ከቤተ ክርስቲያን ስንመለስ፣ ሳልፈልግ እንዳየሁ ገልጬ ይቅርታ ጠየቅኋቸው። አልተቆጡም። የታመሙት ሠላሳ ዓመት አብረዋቸው ያስተማሩ የእድራቸው አባል ናቸው፤ የእጥበቱን ዋጋ ያነበቡት እድሩ ምን ያህል ሊያግዝ እንደሚችል ለማስላት ነበር። የደም ዓይነቱን ለምን እንደፈለጉ ስጠይቃቸው ግን ትንሽ ዝም አሉና፣ «የእኔ ይሆናል ወይ ብዬ ነዋ፤ ዕድሜዬ አይፈቅድም አሉ እንጂ» አሉኝ። ማታ ተመልሼ ዝርዝሩን ሳየው፣ የለጋሽ ዕድሜ የሚለውን ገጽ ሦስት ሌሊት በተከታታይ ከፍተውታል። እኔ ያንን መስመር አይቼ አልፌው ነበር።